ሰማንያ አንድ ሰርቪስ

የትም ከተማ ሂዱ፣ ማንም ሳይሾመው የሚቆጣጠር አንድ ጡረተኛ አታጡም። ቧንቧ ሲቀበር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ "አልጠለቀም" የሚለው እሱ ነው። ግንበኛው ቱንቢ ቢጥልም እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ "ወደ ግራ አጋድሏል" ካላለ ግድግዳው ግድግዳ አይባልም። የሠርግ ድንኳን ካስማ የት እንደሚመታ ያሳያል፤ በማግሥቱ ለቅሶ ቢኖር እዚያም ሄዶ ያንኑ ያሳያል። ደመወዝ የለው፣ ማኅተም የለው፤ ግን እሱ ሳያየው የተሠራ ሥራ ሁሉ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ተቆጣጣሪ ክቡር አቶ ሽመክት ወልደ ማርያም ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የስምሪት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ስምሪት ክፍል ማለት የሠራተኛ ሰርቪሶችን የሚያሰማራ ክፍል ነው፤ የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ወጣ፣ በየት ዞረ፣ ስንት ሰው ጫነ፣ በስንት ሰዓት ገባ፣ ይህን ሁሉ ይመዘግባል። ፋብሪካው በሦስት ፈረቃ ይሠራ ስለነበር አቶ ሽመክትም በሦስት ፈረቃ ይጨነቁ ነበር። ጡረታ ሲወጡ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ። ሰዓቱን ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጠው ካዩት በኋላ በቀን አራት ደቂቃ ወደ ኋላ እንደሚቀር ደረሱበትና ለፋብሪካው ደብዳቤ ጻፉ።

ደብዳቤውን የተየበችላቸው ሂባቅ ነች። ትውውቃቸው በዚህ ተጀመረ።

ሂባቅ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የኢንተርኔት ሱቅ አላት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ የጣሪያ ቬንትሌተር፤ ሀብቷ ይኸው ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማ መሆኗን ለጊዜው ትተዋለች። ሱቁ ይዘጋል። ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ባለባጃጁም እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ ያንቀላፋል። ሙቀቱ አስፋልቱ ላይ ሲንቀለቀል ከሩቅ ላየው ውኃ ይመስላል፤ ውኃ አለበት የሚባለው የደቻቱ ወንዝ ግን ደረቅ አሸዋውን ዘርግቶ ተኝቷል። ሂባቅ በዚህ ሰዓት ቤቷ አትሄድም። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ሰሌኗን ዘርግታ፣ ቬንትሌተሩ ሥር ጋደም ትላለች። እንቅልፍም አይደለም፣ ንቃትም አይደለም። የቬንትሌተሩና የኮምፒውተሩ ድምፅ ይቀላቀልና፣ ሱቁ ራሱ እሷን ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንድ ቦታ የሚጓዝ ይመስላታል።

ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ሲጥ ይላል።

"ስንት ሰዓት ነው?" ይላሉ አቶ ሽመክት፣ ሰዓታቸውን እያዩ።

"ሰባት ነዋ ጋሽ ሽመክት።"

"ሰባት ከሁለት። ሁለት ደቂቃ የት ጣልሽ?"

የስምንት ሰዓቱን ፈረቃ የሚያመጡት ሰርቪሶች የሚወጡት ሰባት ላይ ነበር። ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይንሸት ካረፉም ሦስት ዓመት አልፏል። የአቶ ሽመክት ሰውነት ግን አንዱንም ወሬ ገና አልሰማም፤ ሰባት ሲቃረብ ራሱ ተነሥቶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ይወጣል። ሰፈሩ ሁሉ ተኝቷል። ገርበብ ያለ በር ያለው የሂባቅ ሱቅ ብቻ ነው።

ከገቡ በኋላማ መቆጣጠር ነው። ከዋሂል አራት ነጋዴዎች ማመልከቻ ሊያስጽፉ ቢመጡ፣ ከማመልከቻው በፊት በስንት ባጃጅ እንደመጡ ይጠየቃሉ። "በአንድ" ካሉ ማመልከቻው ይቆይና ስለ ትርፍ ጭነት ትምህርት ይሰጣቸዋል። ፍላሽ ይዞ የመጣ ሰው "ይቺ ከየት ነው የተነሣችው? ታርጋ የላትም" ይባላል። ቬንትሌተሩን እንኳ አልማሩትም። አንገታቸውን አቅንተው ለሩብ ሰዓት ካዩት በኋላ፣ "ከሦስቱ ክንፍ አንደኛው ሥራ አይሠራም፤ ሁለቱ ናቸው እየጎተቱ የሚያዞሩት" ብለው ወሰኑ። ሂባቅ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰሌኗ ላይ ስትጋደም ዓይኗ ሳታስበው ሰነፉን ክንፍ ይፈልጋል።

በድሬ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። ሂባቅም እኚህን የተከበሩ ሰው "አንተ" ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ልጅ ሆነው እዚሁ ያደጉ ናቸውና ቅር ብሏቸው አያውቅም። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን ማዕረጋቸው አይነካም።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈና ሂባቅ ታስክ ማኔጀር የሚባለውን ዝርዝር ከፈተች፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ በዚያች ደቂቃ ሥራ ላይ ያለው ሁሉ በስም ተደርድሮ የሚታይበት ነው። አቶ ሽመክት ከኋላዋ ቆመው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ፣ መልሰው አወረዱ።

"ሂባቅ፣ ይሄ ምን ይላል?"

"ሰርቪስ ሆስት ይላል።"

"ሰርቪስ!"

እንግሊዝኛው ሌላ ትርጉም ይኖረው ይሆናል። አቶ ሽመክት ግን ቃሉን ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትርጉም ብቻ ነው የተጠቀሙበት፤ ሠራተኛ የሚያመላልስ መኪና። ሆስት የሚለውንም አልተቸገሩበትም። "ሆስቴስ ያለው ሰርቪስ ነው በይኛ! እኛ ረዳት እንኳ አልነበረን።" ከስሞቹ አንዳንዶቹ ጎን በቅንፍ ቁጥር አለ፤ አራት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ። "ይሄ የተሳፋሪ ብዛት ነው" አሉ፤ ሂባቅ ትንሿን ቀስት ስትነካትም በእያንዳንዱ ሥር የተሳፋሪዎቹ ስም ተዘርዝሮ ወጣ። ከደረት ኪሳቸው ደብተር አውጥተው ቆጠሩ። አሥራ አራት ሰርቪስ። ቀኑን ጻፉ፣ ፈረሙበት። "ጥሩ ስምሪት ነው፣ አጨናንቀው ይጭናሉ እንጂ" ብለው ደብተሩን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን ሂባቅ መንቀራፈፉ ስለሰለቻት ሳላሕን ጠራችው። ሳላሕ የከዚራ ኮምፒውተር ሁሉ ሐኪም ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት በጣም ብልህ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን ዘግቶ የሚተኛ። መጣ፣ ሆዱን ከፈተው፣ ሜሞሪ የሚባለውን ጨመረለት፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ኮምፒውተሩ ፈረስ ሆነ።

በማግሥቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሂባቅ እንቅልፍና ንቃት መሀል ሆና፣ አቶ ሽመክት ስክሪኑን በብዕራቸው ጫፍ እየነኩ ሲቆጥሩ ትሰማለች። ሃያ። አርባ። ድምፃቸው እየቀጠነ ሄደ። ስድሳ።

"ሂባቅ፣ ተነሺ። ሰማንያ አንድ ሆነዋል።"

"ምኑ?"

"ሰርቪሱ! አሥራ አራት ነበር፣ እኔው ፈርሜበታለሁ። ስድሳ ሰባት ሰርቪስ ያለ ፈቃድ ግቢ ገብቷል። ደግሞ ተመልከቺ፣ አብዛኛው አንዳንድ ሰው ብቻ ነው የጫነው። አንድ ሰው! ይኼኛው ምኑን ይዞ ነው የሚሄደው?"

ሂባቅ ተነሥታ አየች። አንድ ዓይነት ስም ከላይ እስከ ታች፣ ወደታች ብትስበውም አያልቅም። የከተማው ፍላሽ ሁሉ የገባበት ኮምፒውተር ነው፤ ምን እንደገባበት በምን ይታወቃል? የሰው ሁሉ ጉዳይ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሥራ ማመልከቻው፣ የፍርድ ቤቱ አቤቱታ፣ ካናዳ ለሄደ ወንድም የሚላከው ደብዳቤ። ሳላሕ ጋ ደወለች። ሳላሕ ተኝቷል።

"ቁረጫቸው" አሉ አቶ ሽመክት። "ትርፍ ሰርቪስ ነዳጅ ነው የሚበላው።"

"ቢበላሽብኝስ?"

"አንድ ሰው ለጫነ አውቶቡስ ነው የምትሳሺው?"

አንዱን መርጣ አጠፋችው። ጠፋ። ከሦስት ሰከንድ በኋላ ተመልሶ ታየ። "አየሽ፣ በኋላ በር ገባ!" አሉ። ሌላ አጠፋች። ይኼኛው አልተመለሰም። አቶ ሽመክት ጣታቸውን ዝርዝሩ መሀል ላይ አሳረፉ። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ሂባቅ ቀና ብላ አቶ ሽመክትን አየቻቸው። አቶ ሽመክት እርግጠኛ ነበሩ።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ። ውስጡ ሲዞር የነበረው ነገር ቀስ እያለ ዞሮ ቆመ። ሱቁ በየቀኑ ከሚሄድበት ጉዞ መሀል ላይ የቆመ መሰለ። ከጸጥታው የተነሣ ውጭ ጥላ ሥር የተኛው የባለባጃጁ የዐብዲሰላም ማንኮራፋት ይሰማቸው ጀመር።

አቶ ሽመክት ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ገደልነው?" አሉ።

ሂባቅ አትቆጣቸው ነገር ሽማግሌ ናቸው፤ አታለቅስ ነገር እሳቸው ያለቅሳሉ ብላ ፈራች። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሁለቱም ጥቁሩን ስክሪን እያዩ ተቀመጡ፤ ጥቁሩ ስክሪን ደግሞ ሁለቱን መልሶ ያሳያቸው ነበር።

ሳላሕ ዓይኑን እያሸ ሲመጣ ያደረገው ነገር ቢኖር አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሣ።

"አቦ ሳላሕ፣ ምን ከተትህበት?" አለች ሂባቅ። "አንተ ከነካኸው በኋላ ነው የተፈለፈሉት። አሥራ አራት ነበሩ።"

"አሥራ አራት መሆናቸውን ማን አለሽ?"

አቶ ሽመክት ደብተሩን ዘረጉለት። ሳላሕ ቀኑን አየ፣ ፊርማውን አየ፣ ደብተሩን በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ አላወረደውም።

"ወላሂ፣ ዐሥር ዓመት ስሠራ እንዲህ የሚመዘግብ ሰው አላየሁም። እንግዲህ ስማኝ ጋሽ ሽመክት። እነዚህ የኮምፒውተሩ የራሱ ሠራተኞች ናቸው፤ አንዱ ሰዓት ይጠብቃል፣ አንዱ ድምፅ ያወጣል፣ አንዱ ኢንተርኔት ያገናኛል። ከጀርባ ስለሚሠሩ አናያቸውም። ብቻቸውን አይሄዱም፣ የሚሸከማቸው ይፈልጋሉ። የሚሸከማቸው ይሄ ሰርቪስ የምትለው ነው።"

"እኔ ምን አልኩ?" አሉ አቶ ሽመክት ወደ ሂባቅ ዞረው።

"ድሮ ሜሞሪው ጠባብ ነበር፣ ግቢው ጠባብ ነው በለው። ስለዚህ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው በአንድ ይሄዱ ነበር። አንዱ ከታመመ ግን ስምንቱንም ይዞ ይቆማል። አሁን ግቢው ሰፋ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ተሰጠው። አንዱ መንገድ ላይ ቢበላሽ ሌላው በሰዓቱ ይደርሳል።"

"መጠባበቂያ አሰላለፍ" አሉ አቶ ሽመክት በጣም በቀስታ። ይህን አሰላለፍ ለሥራ አስኪያጆች ሁሉ ለምነው፣ አንድም ቀን ሳይፈቀድላቸው ነው ጡረታ የወጡት።

"ታዲያ ብዙ መሆናቸው ጤነኛ ነው?" አለች ሂባቅ።

"ብዙ መሆን በሽታ አይደለም። በሽታው አንዱ እንደ ዕብድ ሲበላ፣ አንድም ስሙን አመሳስሎ የመጣ ሲኖር ነው። ሁለት ፊደል አቀያይሮ የሚገባ ሌባ አለ። እሱን የምታውቂው በሚያድርበት ነው። ትክክለኞቹ ሁሉ የሚያድሩት በአንድ ቦታ ነው።" በቀኝ ቁልፍ ነክቶ ማደሪያውን አሳያቸው።

"ጋራዡ" አሉ አቶ ሽመክት።

"ጋራዡ። ታርጋውን ታያለህ፣ ጋራዡን ታያለህ፣ አለቀ።"

አላለቀም። አቶ ሽመክት ሰማንያ አንዱም አንድ በአንድ ካልታየ ወንበር አልለቅም አሉ። ሳላሕ እስከ ሠላሳኛው ድረስ ታገሠና ሄደ፤ የቀረውን ሂባቅ እየነካች፣ እሳቸው እያመሳከሩ ጨረሱት። ሁሉም ታርጋው ትክክል፣ ጋራዡ አንድ ነበር።

"አንድ ሰው ብቻ የጫነ ሰርቪስ እኔም አንድ ጊዜ ሰርዣለሁ" አሉ ደብተሩን ሲዘጉ፣ ሂባቅ ሳትጠይቃቸው። "የደቻቱ ማዶውን። አንዲት የፈትል ክፍል ሠራተኛ ብቻ ነበረች የምትሳፈርበት። በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ዘግይታ፣ አቧራ ለብሳ ቢሮዬ ገባችና፣ 'አንድ ሰው ሰው አይደለም?' አለችኝ። ሰርቪሱን መለስኩላት። ስትጨቀጭቀኝ ቆይታ በዓመቱ አገባችኝ።"

ሂባቅ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን ቶሎ አቆሙ።

በማግሥቱ የሆነውን ሂባቅ መጀመሪያ በሕልሟ ነው ብላ ነበር። ሰባት ሰዓት ነው፣ ሰሌኗ ላይ ናት፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ከኮምፒውተሩ በኩል አንድ ረጋ ያለ ድምፅ ይመጣል። "የሰዓቱ፣ በለገሃር በኩል ውጣ፤ ሾፌር ኢስማዒል። የኢንተርኔቱ፣ በመጋላ በኩል፤ ሾፌር ሊበን፣ ኩርባው ላይ ቀስ በል። ብሉቱዝ፣ አንተ ተሳፋሪ የለህም፤ ጥላ ሥር ቁም።" አቶ ሽመክት ስክሪኑ ፊት ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ደብተራቸውን መስመር አስምረው፣ ሰርቪሶቹን በየተራ ያሰማራሉ። ወጣ፣ ሰባት ከአምስት። ወጣ፣ ሰባት ከስድስት።

ልታስቆማቸው ፈለገች፣ ግን ሰውነቷ አልነሣ አላት። ዓይኗን ጨፈነች። አውቶቡሶቹም መጡ። ድምፅ ሳያሰሙ በተኛችው ከተማ መሀል፣ በዛፎቹ ሥር፣ አንዱ በሳቢያን፣ አንዱ በገንደ ቆሬ ያልፋሉ። በመስኮታቸው በኩል ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ያረፈባቸው ሴቶች ጭንቅላታቸውን መስተዋቱ ላይ አስደግፈው ይታያሉ። በደቻቱ ድልድይ ላይ ተከታትለው ሲሻገሩ ከታች አሸዋው ነጭ ሆኖ ያበራል። ማንም አያያቸውም፣ ሁሉም ግን የሆነ ሰው ይዘዋል። ሂባቅ እንደዚያ ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም።

ስለዚህ አላስቆመቻቸውም። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም አላስቆመቻቸውም። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን "ገባ፣ ገባ፣ ገባ" እያሉ በየስሙ ፊት ሲጽፉ ትነቃለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። የቬንትሌተሩ ሦስተኛው ክንፍም መሥራት የጀመረ ይመስላት ነበር።

ወሬ ግን እግር አለው። የሰፈሩ ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ገርበብ ባለው በር አየ፣ ሰማ። "ሽመክት ከኮምፒውተር ጋር ያወራል።" ወሬው አዲስ አበባ ደረሰ። አንድ ጠዋት የሂባቅ ስልክ ጮኸ።

"ስምረት ሽመክት ነኝ። የአቶ ሽመክት ልጅ።" ባንክ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ የምትሠራ መሆኗን ሂባቅ ታውቃለች፤ አቶ ሽመክት "ሰው ታሰማራለች" እያሉ ይኮሩባታል። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባቴ ከኮምፒውተር ጋር ያወራል የሚባለው እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"አውቶቡስ ያሰማራል?"

"ሰማንያ አንድ።"

ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ተሰማ። "ሂባቅ፣ እንደ እህት ንገሪኝ። ጤነኛ ነው?"

ሂባቅ ያላት መልስ ሳላሕ የሰጣት ብቻ ነበር። "ብዙ መሆናቸው በሽታ አይደለም" አለች።

"ምን?"

"ማለቴ፣ በሰዓቱ ይመጣል፣ በሰዓቱ ይገባል፣ ማንንም አይጎዳም። ወላሂ ስምረት፣ ደህና ነው።"

ይህ መልስ ማንንም አላሳመነም። ስምረት ቅዳሜ በአውሮፕላን መጣች። ሐኪም ቀጠሮ አስይዛለች፤ አባቷን ይዛ ልትመለስ ነው፤ ከዚያ በኋላም እሷ ጋ ይቀመጣሉ። ሂባቅ ይህን ስትሰማ የሰባት ሰዓቱ በር ታሰባት፤ ሲጥ ሳይል፣ ማንም ሁለት ደቂቃ የት ጣልሽ ሳይላት።

ስምረት ቤት አላገኘቻቸውም፤ ሰባት ሰዓት ነበርና። ሱቁ ድረስ መጣች። ቁመቷ የአባቷ ነው፣ ፊቷን ግን ድካም በልቶታል። ሂባቅ "ጋሽ ሽመክት፣ ልጅህ መጣች፣ ተነሣ" ስትል፣ በሌላ ሰው አንተ መባላቸው ስምረትን ሽምቅቅ አደረጋት፤ አዲስ አበባ ብዙ ከርማለች። አባትና ልጅ ተቃቅፈው ተሳሳሙ። ከዚያ ስምረት ስልኳን አውጥታ ለሂባቅ ሁለት ገጽ ላከችላት። "የአሥራ አንድ ሰዓቱ በረራ ትኬት ነው፣ የኔና የአባዬ፤ አዲስ አበባ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለን። ለኤርፖርቱ በር ጥበቃ ወረቀት ይሻላል፤ አትሚልኝ።"

"ማተሚያው እስኪሞቅ ትንሽ ታገሺኝ" አለች ሂባቅ። ማተሚያው መሞቅ አያስፈልገውም። ሂባቅ ሱቅ ከከፈተች ጀምሮ ደንበኛ ስትዋሽ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በእግሯ ጠረጴዛው ሥር ዳብሳ የማተሚያውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው።

ስምረት ከአባቷ ፊት ተቀመጠች። "አባዬ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?"

"በየትኛው? በሐበሻው፣ በፈረንጁ ወይስ በሂጅራው?" ሦስቱንም ነገሯት።

ስምረት ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። "እነዚህ አውቶቡሶች ናቸው?"

አቶ ሽመክት መነጽራቸውን አውልቀው ልጃቸውን በሐዘኔታ አዩዋት። "ስምረት፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተር ነው። ባንካችሁ ውስጥ የላችሁም?"

ሂባቅ ከንፈሯን ነከሰች። ስምረት አልሳቀችም። "ታዲያ ካወቅህ ለምንድነው የምታሰማራቸው?"

"ሥራ ላይ ስላሉ። ስትፈልጊያቸው ብቻ እኮ አይደለም የሚሠሩት፤ ሰው ሁሉ ሲተኛም ይሠራሉ። ወጣችሁ፣ ገባችሁ የሚላቸው የለም። እኔ ደግሞ ሌላ የምችለው ነገር የለኝም።"

ስምረት ደብተሩን አነሣች። የባንክ ሰው ናትና ከመጨረሻው ገጽ ነው የጀመረችው። እያንዳንዱ መስመር ሙሉ ነው፤ መንገዱ፣ ሾፌሩ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ፊርማ። ጣቷ ወደ ታች ሲወርድ ሲወርድ አንድ መስመር ላይ ቆመ። የድምፅ ሰርቪስ። መስመር፣ ደቻቱ ማዶ። ተሳፋሪ አንድ፣ ወይንሸት። ወጣ፣ ሰባት ሰዓት። የገባበት ቦታ ባዶ ነበር። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች፤ ባዶ። ሌላ ገለጠች። እስከ መጀመሪያው ቀን ድረስ ባዶ ነበር።

"አባዬ፣ እማዬ እኮ..."

"ሞታለች" አሉ አቶ ሽመክት። "አብረን አይደል የቀበርናት? ይህን የማላውቅ መስሎሽ ነው ከአዲስ አበባ የመጣሽው?" ደብተሩን ከእጇ አልወሰዱም፣ በጣታቸው ብቻ መስመሩን ነኩት። "ምን ብዬ ልጻፍ? ያልገባውን ገባ ብዬ ልፈርም? ሠላሳ አንድ ዓመት ሐሰት ፈርሜ አላውቅም።"

ቬንትሌተሩ ይዞራል። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ ዜሮ ይሆኑና፣ አንድ ይሆኑና፣ ተመልሰው ዜሮ ይሆናሉ።

"አዲስ አበባ ብሄድ ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፣ መድኃኒት ይሰጠኛል፤ አንቺም ደግ ነሽ" አሉ። "ግን ስምሪት ክፍል የመጨረሻው ሰርቪስ ሳይገባ ቢሮ አይዘጋም። እናትሽን ብትጠይቂያት ትነግርሽ ነበር፤ ስንት ቀን እራቱ ቀዝቅዞባታል። ሰባት ሰዓት ሲሆን ናፍቆቱ አይቻለኝም ልጄ። እዚህ ስቀመጥ ይቻለኛል።"

ስምረት ወንበሯን አንሥታ ከአባቷ ጎን አስጠጋችና ተቀመጠች። ትከሻ ለትከሻ ሆነው ዝርዝሩን አዩ። ሰው መመዘን ሥራዋ ነው፤ እዚያ የተቀመጠችው ግን ለመመዘን አልነበረም። ቆየት ብላ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ውጭ ከተማው ገና ተኝቷል፣ የዛፎቹ ጥላ አንድ ጣት ያህል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

"ሂባቅ" አለች ዞር ሳትል፣ "ትኬቱን አተምሽው?"

"ገና ነኝ።"

"የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አትሚው። የኔን።"

ሂባቅ ገመዱን ልትሰካ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ሶኬቱን ወዲያው አገኘችው፤ እነሱ ሳያዩዋት እንባዋን እስክትጠርግ ግን እዚያው ቆየች። ከዚያ ወጥታ አንዱን ገጽ አተመች።